ስለ ባድ ሴክተር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ሰው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ሃርድ ዲስኩን እያሳየ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫለሁ።

ባድ ሴክተር ማለት ምን ማለት ነው?

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ሳህኖች አሉ። ሄድ የምንለው ጫፍ በሳህኖቹ ላይ በማግኔት ይጽፋል፣ ያነባል። ጽሑፉ የሚቀመጠው ሴክተር በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ነው፤ በቆዩት ዲስኮች አንዱ ሴክተር 512 ባይት፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት አብዛኞቹ ደግሞ 4,096 ባይት ይይዛል። ከመረጃው አጠገብ የስህተት ማረሚያ ኮድ አብሮ ይጻፋል። ዲስኩ ሲያነብ ጥቂት ቢሳሳት በኮዱ አቃንቶ ያልፋል። ስህተቱ ከኮዱ አቅም በላይ ከሆነ ደጋግሞ ይሞክራል፤ አሁንም እምቢ ካለው "ማንበብ አልቻልኩም" ብሎ ይመልሳል። ያ ቦታ ባድ ሴክተር ነው።

ከገጠር ለሚመጣ ሰው በእርሻ አስረዳዋለሁ። አንድ ጥማድ መሬት ውስጥ ጭንጫ ቢኖር ገበሬው ማረሻው እንዳይሰበር ዞሮት ያልፋል እንጂ መሬቱን አይተወውም። ዲስክም ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ጭንጫ አለው፤ ፋብሪካው ፈትሾ፣ መዝግቦ፣ ዘሎታል። በኋላ ለሚበላሹትም መጠባበቂያ ሴክተሮች ትቶለታል፤ አንዱ ሲሞት ዲስኩ ራሱ ዝም ብሎ በመጠባበቂያው ይተካዋል። ስለዚህ ጭንጫ መኖሩ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ጭንጫው በየሳምንቱ እየሰፋ ሲሄድ ነው።

ዲስኬ ባድ ሴክተር እንዳለው በምን አውቃለሁ?

በአብዛኛው ሰው ነግሮኝ ሳይጨርስ አውቀዋለሁ። "ፋይል ስገለብጥ 63 በመቶ ላይ ሲደርስ ይቆማል።" "አንዱን ፎልደር ስከፍት ኮምፒውተሩ ስታክ ያደርጋል፤ ሌላው ደኅና ነው።" "ባበራሁት ቁጥር ዊንዶውስ ዲስኩን ልፈትሽ ይለኛል።" ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መቆሙ ዋናው ምልክት ነው። ቫይረስና የራም ማነስ እንዲህ አንድ ፋይል መርጠው አይቆሙም።

ድምፅም ያዳምጡ። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ እያለ የሚመታ ከሆነ ነገሩ ከተራ ባድ ሴክተርነት አልፏል፤ ሄዱ ራሱ መንገዱን ስቷል ማለት ነው። ያኔ ይንቀሉት። አንድ ጊዜ ደግሜ ልሞክር አይበሉ።

መጀመሪያ ምን ላድርግ?

አጥፉትና ቁጭ ብለው ያስቡ፤ እዚህ ዲስክ ላይ ሌላ ቦታ የሌለኝ ነገር ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ሲመጣ "እንዴት ይጠገናል?" ይለኛል። እኔ ደግሞ "ውስጡ ምን አለ?" እለዋለሁ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ የላቸውም። ዲስኩን የሚያስተካክሉ ዘዴዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በተበላሸው ቦታ ላይ በመጻፍ ነው፤ በተጻፈበት ቦታ የነበረው ደግሞ አይመለስም።

ካበሩት በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መገልበጥ ነው፤ እሱም በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ትንንሹንና የማይተካውን፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሒሳብ ፋይል፣ የልጆች ፎቶ። ከዚያ ትልልቁን። ፊልምና ዘፈን የመጨረሻ ነው፤ ከጎረቤት ይገኛል። ፋይሉን ከዚያው ዲስክ "ሲ" ወደ "ዲ" ማዛወር መገልበጥ አይባልም፤ ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ ናቸው። ይህን ሳልናገር የምውልበት ቀን የለም።

የመብራት መቋረጥ ባድ ሴክተር ያመጣል?

ያመጣል፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ዲስኩ አንድ ሴክተር እየጻፈ መብራት ከሄደ መረጃውና የማረሚያ ኮዱ ሳይጣጣሙ ይቀራሉ። ሳህኑ ምንም አልሆነም፤ ጽሑፉ ብቻ ግማሽ ላይ ተቋርጧል። በሚቀጥለው ቀን ሲነበብ ባድ ሴክተር ሆኖ ይታያል። ይህን ለስላሳ እንበለው፤ እንደገና ሲጻፍበት ይድናል። ጠንካራው ግን ሄዱ ሳህኑን ሲነካው፣ ዲስኩ ሲወድቅ ወይም ገጹ ሲያረጅ የሚመጣው ነው፤ ያ ቁስል ነው፣ አይድንም።

ኃይል ሲቋረጥ ዲስኩ በራሱ ሽክርክሪት የቀረውን ጉልበት ተጠቅሞ ሄዱን ወደ ማረፊያው ይሰበስባል። ብልህ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ድንገተኛ ስብሰባ ከመደበኛው የበለጠ ይጎዳል፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ሲሆን ደግሞ ይቆጠራል። ዴስክቶፕ ካለዎት ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ይግዙ። ስታቢላይዘር የመብራት መዋዠቅን እንጂ መጥፋትን አይከላከልም፤ ብዙ ጽሕፈት ቤት ስታቢላይዘር ደርድሮ "ጥበቃ አለኝ" ብሎ ተቀምጧል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቀጥታ ሰክተው የሚሠሩም እንዲሁ ናቸው፤ ያ ላፕቶፕ አሁን መክደኛ ያለው ዴስክቶፕ ነው።

ክሪስታልዲስክኢንፎ ቢጫ ሆኖ "ኮሽን" ይላል። ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው?

ስማርት የሚባለው ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው፤ ክሪስታልዲስክኢንፎ ያንን አንብቦ ያሳያል። ሰማያዊ ደኅና፣ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ መጥፎ ነው። ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ አራት መስመሮችን ብቻ ይዩ። "05" እስካሁን በመጠባበቂያ የተተኩት ሴክተሮች ብዛት ነው። "ሲ5" ዲስኩ የተጠራጠራቸውና ፍርድ የሚጠብቁት ናቸው። "ሲ6" ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ማረም ያቃተው ነው። "ሲ7" ግን ከሳህኑ ጋር አይገናኝም፤ በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል በገመድ ላይ የተበላሸ ጉዞ ነው። "ሲ7" ብቻውን እየጨመረ ከሆነ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት ገመዱን ይቀይሩ። አንድ ገመድ ስንት ዲስክ እንዳስጣለ እኔ አውቃለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ ጥሬ ቁጥሩን እንዳለ ካልቀየሩት በ16 መሠረት ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ "10" ብሎ ካሳየ 16 ማለት ነው፣ "64" ካለ 100 ነው። በቅንብሩ ውስጥ ወደ ተራው አሥር መሠረት መለወጥ ይቻላል።

"ሲ5" ዛሬ 8 ሆኖ ነገ ዜሮ ቢሆን አይገረሙ። የተጠረጠረው ቦታ ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ ዲስኩ ይፈትነዋል፤ ከያዘለት ከዝርዝሩ ያወጣዋል፣ ካልያዘለት በመጠባበቂያ ተክቶ "05" ላይ ይደምረዋል። "ሲ5" ወርዶ "05" ካልጨመረ ነገሩ ለስላሳው፣ የመብራቱ ዓይነት ነበር። የዛሬውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉና ከሁለት ሳምንት በኋላ ያመሳክሩ፤ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ፎርማት ባደርገው ይስተካከላል?

ፈጣኑ ፎርማት ምንም አይፈትሽም። የፋይሎቹን ማውጫ አዲስ ያደርጋል፣ ሳህኑን አይዳስሰውም። ባድ ሴክተሩ ባለበት ተቀምጦ የሚመጣውን ፋይል ይጠብቃል።

ሙሉው ፎርማት ሌላ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሙሉ ፎርማት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላል። ስለሚጽፍበት ለስላሳዎቹ ይድናሉ፣ ጠንካራዎቹም በመጠባበቂያ ይተካሉ። በአንጻሩ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ሙሉ ፎርማት የሚደረገው መረጃው ሌላ ቦታ ከወጣ በኋላ፣ ዲስኩን ለመፈተን ነው። ከዚያ በኋላ "05"ን ያዩታል፤ ባለበት ከቆመ ጥሩ፣ በብዙ ከዘለለ ያ ዲስክ አብቅቶለታል።

"ሎው ሌቭል ፎርማት አድርግልኝ" የሚሉም አሉ። ዛሬ ባሉ ዲስኮች ላይ ትክክለኛው ሎው ሌቭል ፎርማት የፋብሪካ ሥራ ነው። በዚያ ስም የሚወርዱት ፕሮግራሞች በዜሮ ከመሙላት የተለየ ነገር አያደርጉም፤ ስሙ ግን ገንዘብ ያስከፍላል።

ቼክዲስክ ላስኪድ?

መረጃው ካልተገለበጠ አያስኪዱ። እዚህ ላይ ችክ እላለሁ። ቼክዲስክ የዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መፈተሻ ነው፤ የተሠራው የፋይል ሥርዓቱ እርስ በርሱ እንዲስማማ ለማድረግ እንጂ የእርስዎን ፎቶ ለማዳን አይደለም። የማይስማማ ፋይል ካገኘ ቆርጦ፣ ቁራጩን FOUND.000 በሚባል ስውር ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ "ተስተካክሏል" ይላል። ለእሱ ተስተካክሏል።

ሁለተኛው ጉዳቱ ጊዜው ነው። "አር" በሚለው አማራጭ ሲኬድ የዲስኩን ገጽ ሁሉ ያነባል። በየባድ ሴክተሩ ላይ ዲስኩ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በደቂቃ 5,400 ዙር የሚሽከረከር ዲስክ አንዱን ቦታ ደግሞ ለማግኘት 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፣ ይህ በመቶ ጊዜ ሲባዛ አንድ ሴክተር ብቻውን ከአንድ ሰከንድ በላይ ይበላል። እየሞተ ያለ ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲታገል ካደረ ጠዋት ላይ ላይነሳ ይችላል።

አንድ የቪዲዮ ባለሙያ በጥር ሠርግ ሰሞን እንዲሁ ያለ ዲስክ አመጣልኝ። ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል፣ እየሠራ ከጠረጴዛ የወደቀ፤ ውስጡ ገና ያልተቆረጠ የሦስት ሠርግ ቪዲዮ። ከወደቀ በኋላ ሁለት ቀን ያነብ ነበር። እሱ ግን ሰው መክሮት ሁለቱን ሌሊት በቼክዲስክ አሳደረው። እኔ ጋ ሲደርስ ቲክ ቲክ ይላል። ከሦስቱ ሠርግ የአንዱን ግማሽ አወጣሁለት፤ ሙሽሮቹን እሱ እንዴት እንደነገራቸው አልጠየቅሁም።

"ባድ ሴክተር የሚጠግኑ" የሚባሉት ፕሮግራሞች ይሠራሉ?

ጠንካራ ቁስልን የሚጠግን ፕሮግራም የለም። ሳህኑ ላይ የተላጠ ገጽ በሶፍትዌር አይለበጥም። ኤችዲዲ ሪጀነሬተርም ሆነ ቪክቶሪያ የሚያደርጉት ያን ቦታ ደጋግሞ ማንበብና መጻፍ ነው፤ ዲስኩ ለስላሳውን ያድሳል፣ ጠንካራውን በመጠባበቂያ ይተካል። ሥራውን የሚሠራው የዲስኩ የራሱ ፈርምዌር፣ ማለትም ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ ገፋ ያደርገዋል።

መጠባበቂያው ደግሞ ማለቂያ አለው። ሲያልቅ የሚተካ የለም፤ ባድ ሴክተሩ በግላጭ ለዊንዶውስ መታየት ይጀምራል።

የተበላሸውን አካባቢ በፓርቲሽን ለይቼ ባገለግልበትስ?

ይቻላል። በቪክቶሪያ ፈትሾ ባድ ሴክተሮቹ የት እንደተከማቹ ማየት፣ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ጊጋባይት ጨምሮ ያን ቦታ ያለ ፓርቲሽን፣ ማለትም "ሲ" ወይም "ዲ" በመሳሰለ ክፍል ውስጥ ሳያስገቡ፣ መተው። እኔም በተማሪነቴ አድርጌዋለሁ፣ ዲስክ ለመግዛት ስላልቻልኩ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ቢሆንም ስምንት ወር ሠርቶልኛል።

ለሙዚቃና ለፊልም ከሆነ ይሞክሩት። ሄዱ የቆሰለውን ቦታ ካልረገጠው ቁስሉ ላይሰፋ ይችላል። ከሳህኑ የተላጠ ብናኝ ግን ፓርቲሽን አያውቅም፤ ዲስኩ ውስጥ እየበረረ ሌላውን ገጽ ይጭራል። ዊንዶውስ አይጫንበት፤ የሰው አደራም አይቀመጥበት።

ጎጃም ደጋ ነው፤ ከፍታው ሃርድ ዲስክ ይጎዳል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፣ ግን ደስ ይለኛል፤ መልሱ እውነትም አለው። ሄዱ ሳህኑን አይነካም፤ በሽክርክሪቱ የሚፈጠር ስስ የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል፤ ርቀቱ በናኖሜትር የሚለካ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፣ ሄዱ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው አብዛኞቹ የተለመዱ ዲስኮች መግለጫ ላይ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠሩ የተፈቀደው፤ 10,000 ጫማ ማለት ነው።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400ን ታልፋለች፤ ሁለቱም ከወሰኑ በታች ናቸው። የጮቄ ተራራ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በጮቄ ትከሻ ላይ ከ3,000 በላይ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች ኮምፒውተር የምትገዙ ከሆነ ኤስኤስዲ ያለው ይሁን። ኤስኤስዲ በሳህን ፈንታ ቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ ስለሆነ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም። ሂሊየም የተሞሉት ትልልቅ ዲስኮችም የታሸጉ ስለሆኑ ከውጭው አየር ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ ዋጋቸው ግን ለሰርቨር ቤት ነው።

ከከፍታው ይልቅ ብርዱ ይበልጥ ይታየኛል። ሌሊቱን በብርድ መንገድ ያደረን ዲስክ ሞቅ ወዳለ ቤት አስገብተው ወዲያው አያብሩት፤ ጤዛ ይይዘዋል። አንድ ሁለት ሰዓት ይተዉት።

ዲስኩን በአውቶቡስ ይዤ ስሄድ ይበላሽብኛል?

የጠፋ ዲስክ ብዙ ይችላል። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ዲስኮች ጠፍተው የሚችሉት ምት እየሠሩ ከሚችሉት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ ሲጠፉ ሄዱ ከሳህኑ ወጥቶ ማረፊያው ላይ ይቆለፋል። ስለዚህ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ጥምዝምዝ ሁሉ ለጠፋ ዲስክ ምንም አይደለም፤ በፎጣ ጠቅልለው፣ በእጅ ሻንጣ፣ ከመቀመጫ በታች ሳይሆን ጭንዎ ላይ ይያዙት።

የሚጎዳው በስሊፕ ያለ ላፕቶፕ ነው። ክዳኑን ዘግተው ቦርሳ ውስጥ የከተቱት ላፕቶፕ በመንገድ ላይ ራሱ ነቅቶ፣ ዲስኩ እየዞረ፣ ከታች ጉድጓድ፣ ከላይ የሰው ሻንጣ። ከመነሳትዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።

ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ወይም ክዳኑን ከፍቶ ማጽዳት ይረዳል?

አይረዳም። የፍሪዘሩ ወሬ የመጣው ከድሮ ዲስኮች ነው፤ ዛሬ የሚተርፍዎ እርጥበት ነው። ክዳኑን መክፈት ደግሞ የባሰ ነው። ሄዱ ከሚንሳፈፍበት ርቀት ጋር ሲነጻጸር አንድ የአቧራ ቅንጣት ተራራ ነው፤ የበጋ የደብረ ማርቆስ አቧራ እንኳን ዲስክ ውስጥ ዓይን ውስጥም ይገባል። ሄድ መቀየር ከአቧራ የጸዳ ክፍልና ለዚያ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የኔ ሱቅ ያ የለውም፤ ካላቸው ጋ ሳይደርስ የተከፈተ ዲስክ ደግሞ የመዳን ዕድሉ ወዲያው ያሽቆለቁላል።

መገልበጥ እምቢ አለኝ፤ በየባድ ሴክተሩ ይቆማል። ምን ይሻላል?

እዚህ ላይ ከዊንዶውስ ይውጡ። ዊንዶውስ የተሰካ ዲስክ ሁሉ ላይ እጁን ማስገባት ይወዳል፤ ማውጫ ይሠራል፣ የፎቶ ምስል ያዘጋጃል፣ "ልፈትሽ" ይላል። በፍላሽ ላይ ሊኑክስ አዘጋጅተው ከሱ ያስነሱ፤ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፋይል በፋይል አይገለብጥም፤ ዲስኩን እንዳለ ሴክተር በሴክተር ወደ ሌላ ዲስክ ያሻግራል። ጥበቡ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ሲቸገር ዘልሎ ያልፋል፣ ወደ አስቸጋሪው የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። ዲስኩ መሃል ላይ ቢሞት እንኳን አብዛኛው ወጥቷል። ዊንዶውስ ደግሞ በተቃራኒው የመጀመሪያው ጭንጫ ላይ ሞፈሩን እስኪሰብር ይታገላል።

የሚቀበለው ዲስክ ከሚገለበጠው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። የመጀመሪያውን ዙር "ኤን" በሚለው አማራጭ ያስኪዱት፤ ያኔ የተበላሸውን አካባቢ ሳይፍቅ ያልፋል። ቀጥሎ "አር" ላይ 3 ብለው የቀረውን ሦስት ጊዜ እንዲሞክር ያድርጉ። የማፕ ፋይሉን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሁለቱም ዙር ይስጡት፤ የት እንደደረሰ የሚመዘግበው እዚያ ነው። የማፕ ፋይሉን ጤነኛ ፍላሽ ላይ ካስቀመጡት፣ መብራት ሄዶ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቢመጣ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ለኛ አገር የተሠራ ይመስለኛል።

ጊዜውን አስቀድመው ይቁጠሩ። ጤነኛ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሰጥ 1 ቴራባይት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል፤ በድሮው ዩኤስቢ 2 ከሆነ ስምንት ሰዓት ያልፋል፤ የታመመ ዲስክ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከተቻለ ዲስኩን ከኤክስተርናል ሽፋኑ አውጥተው በሳታ ገመድ፣ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ቦርድ ጋር በሚያገናኘው፣ ይሰኩት። ከሁሉም በላይ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ በመጠንና በሴሪያል ቁጥር ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። ቢገለባበጥ ባዶው ዲስክ በሠርጉ ቪዲዮ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚረዳ ሰው የለም። ፋይል የማውጣቱን ሥራ ደግሞ ከቅጂው ላይ ይሥሩ፤ ዋናው መሳቢያ ውስጥ ይረፍ።

ስማርት "ጤነኛ" ይላል፤ ዲስኩ ግን ይቆማል። ማንን ልመን?

ዲስኩን ይመኑ። ጎግል በ2007 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በላይ የራሱን ዲስኮች ተከታትሎ ባወጣው ጥናት ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአራቱ ዋና ዋና የስማርት ምልክቶች ላይ ምንም አላሳዩም ነበር። ስማርት "ታሟል" ሲል ይታመናል፤ "ደኅና ነው" ሲል ግን ዝምታ ነው። የዚያው ጥናት ሌላ ግኝት ደግሞ፣ በፍተሻ የመጀመሪያው ስህተት የተገኘበት ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ካልተገኘበት በ39 እጥፍ ይበልጣል።

አንዳንድ የኤክስተርናል ሽፋኖች ስማርትን አሳልፈው አይነግሩም፤ ፕሮግራሙ ባዶ ወይም ያልተሟላ ነገር ያሳያል። ዲስኩን አውጥቶ በቀጥታ መሰካት እውነቱን ያወጣል። ነገር ግን የዩኤስቢ ሶኬቱ ቦርዱ ላይ የተበየደባቸው ኤክስተርናሎችም አሉ፤ እነዚያን ከፍተው ሳታ ፈልገው እንዳይደክሙ።

ጥቂት ባድ ሴክተር ያለውን ዲስክ መጠቀም ልቀጥል?

"05" ትንሽ ሆኖ ለወራት ከተቀመጠ፣ "ሲ5" ዜሮ ከሆነ፣ ሙሉ ፎርማትም ካለፈ፣ እኔ ለሁለተኛ ቅጂ እጠቀምበታለሁ። ለብቸኛ ቅጂ አልጠቀምበትም። ቁጥሩ በሳምንት ውስጥ ከጨመረ ግን ስንት እንደሆነ አይጨነቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ይቀይሩት።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ዲስኩን እንዴት ልፈትሽ?

ክሪስታልዲስክኢንፎን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ሳይጫን የሚሠራ ዓይነት አለው። ከላይ ከነገርኳችሁ መስመሮች ሌላ የሠራበትን ሰዓት ይዩ። አንድ ዓመት ሙሉ 8,760 ሰዓት ነው፤ 25,000 ሰዓት የሠራ ዲስክ "ብዙ አልተነካም" ከተባለ ሻጩ ሌላም ነገር ዋሽቷል። ላፕቶፑ ሲታይ አሮጌ ሆኖ ሰዓቱ 12 ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠርጥሩ፤ ስማርትን የሚያጠፉ መሣሪያዎች አሉ። ያኔ አንድ ትልቅ ፋይል፣ ለምሳሌ 10 ጊጋባይት፣ ጽፈው መልሰው ያንብቡት፤ ሻጩ ቡና እስኪጠጣ ይበቃል። ፍጥነቱ በየመሃሉ ወደ ዜሮ ከወረደ አመስግነው ይውጡ።

ዊንዶውስን ከታመመው ዲስክ ወደ አዲስ ክሎን አደረግሁ (እንዳለ ገለበጥሁ)፤ አዲሱም "ባድ" ያሳያል። እንዴት?

አዲሱ ዲስክ አልታመመም። የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት የሆነው ኤንቲኤፍኤስ የተበላሹ ቦታዎችን ዝርዝር የሚይዝበት የራሱ ስውር ፋይል አለው፤ ክሎን ሲያደርጉ ያ ዝርዝር አብሮ ተሻገረ። አሮጌው ቤት ውስጥ የፈረሰውን ክፍል ቁልፍ ይዞ አዲስ ቤት እንደመግባት ነው። ቼክዲስክን በዚህ ጊዜ ያስኪዱት፤ "ቢ" የሚለው አማራጭ በኤንቲኤፍኤስ ላይ ዝርዝሩን ሰርዞ ሁሉንም እንደ አዲስ ይፈትሻል።

ኤስኤስዲም ባድ ሴክተር አለው?

አለው፤ ብሎክ ይባላል፣ እሱም መጠባበቂያ አለው። ልዩነቱ አሟሟቱ ነው። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ እየተንገታገተ፣ ድምፅ እያሰማ፣ ጊዜ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ኤስኤስዲ ማታ ደኅና እደር ብሎ ጠዋት ላይታወቅ ይችላል። እላዩ ላይ ሪጀነሬተር የሚባሉትን አያስኪዱበት፤ ዕድሜውን ከመብላት በቀር ጥቅም የላቸውም።

የመሥሪያ ቤት ዲስክ ባድ ሴክተር አለው ተብሎ ሊወገድ ነው። በዜሮ ሞልቼዋለሁ፤ ይበቃል?

አይበቃም። በመጠባበቂያ የተተካ ሴክተር ከኮምፒውተሩ እይታ ወጥቷል፤ በዜሮ ሲሞሉ የሚሞላው ተተኪው ነው። ዋናው ላይ ቀድሞ የነበረው ቁራጭ፣ ሊነበብ በሚችል መጠን ቢሆን፣ እዚያው ሳህኑ ላይ ተቀምጧል። ቁራጩ 512 ወይም 4,096 ባይት ነው፤ ለፊልም ምንም አይደለም፣ ለአንድ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ስም ግን ይበቃል።

በዲስኩ ፈርምዌር ውስጥ የተሻሻለ ሴኪዩር ኢሬዝ የሚባል ትእዛዝ ካለ፣ የተተኩትንም ሴክተሮች ጨምሮ እንዲጽፍባቸው ተደርጎ የተሠራ ነው። ዲስኩ ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ትእዛዝ የሚቀበል የለም፤ ንብረት ክፍሉ ከመዝገብ ካወጣው በኋላ መሰርሰሪያ አምጥተው ሳህኖቹን ይብሱ። የአንዳንድ ላፕቶፕ ዲስክ ሳህን መስታወት ስለሆነ ይፈነዳል፤ በጨርቅ ሸፍነው፣ ዓይንዎን ተከልለው ይሥሩ።